መርዛማ ብረቶችን በባክቴሪያ ከፋብሪካ ፍሳሽ ማስወገድ፦ የአዋሽ ተፋሰስ እንደ ማሳያ

አዋሽ ወንዝ የሚመነጨው በምዕራብ ሸዋ፣ በአዲስ አበባና በአምቦ መካከል ከምትገኘው ከጊንጪ ከተማ አቅራቢያ ነው። ቁልቁል ሲወርድ ከአዲስ አበባ የሚመጣው የአቃቂ ወንዝ ይገባበታል፤ በቆቃ ሐይቅ ደግሞ የቆዳ ፋብሪካዎች የሚገኙባትን ከተማ አቋርጦ ከሚመጣው ከሞጆ ወንዝ ጋር ይገናኛል። በዚሁ ውኃ አርሶ አደሮች አትክልት ያለማሉ።

ለቆዳ ማልፊያ የሚውለው ባለ ሦስት ቫለንስ ክሮሚየም ነው። ቆዳው ያልወሰደው ክፍል ከፍሳሹ ጋር ይወጣል። ወደ ባለ ስድስት ቫለንስ ሲለወጥ በውኃ በቀላሉ የሚሟሟና ካንሰር አምጪ ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውኃ ያስቀመጠው የክሮሚየም ጣሪያ በሊትር 0.05 ሚሊ ግራም ነው።

እንደ ባሲለስና ሱዶሞናስ ያሉ ባክቴሪያዎች ብረትን በዋናነት በሁለት መንገድ ከውኃ ይለያሉ። አንደኛ፣ አሉታዊ ሙል ያለው የህዋሳቸው ግድግዳ እንደ እርሳስና ካድሚየም ያሉ አዮኖችን ስቦ ይይዛል፤ ለዚህ የሞተ ህዋስም ያገለግላል። ሁለተኛ፣ ኢንዛይሞቻቸው ባለ ስድስት ቫለንሱን ክሮሚየም ወደ ባለ ሦስት ይመልሱታል፤ ይህም አሲድነት በሌለው ውኃ ውስጥ ይዘቅጣል። የቆዳ ፋብሪካ ፍሳሽ ጨው ስለሚበዛበት፣ ከዚያው ከፍሳሹ የተለዩና ጨውን የለመዱ ዝርያዎች ይመረጣሉ።

ይሁን እንጂ ባክቴሪያ የብረትን መልክና ቦታ ይለውጣል እንጂ ብረትን አያጠፋም። ዝቃጩ በሜዳ ከተጣለ፣ በአፈር ውስጥ ያለው የማንጋኒዝ ኦክሳይድ ክሮሚየሙን ወደ መርዛማነቱ ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ የዘዴው ውጤት መለካት ያለበት በጠራው ውኃ ብቻ ሳይሆን በዝቃጩ አያያዝም ጭምር ነው።