ለሞተው ያለን ክብር ለታመመውም ይሁን

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሆለታ፣ በአዲስ ዓለምና በጊንጪ አልፎ እስከ አምቦና ጉደር የሚጓዝ ሰው በመንገዱ ላይ ቀብር ቢያጋጥመው፣ ሕዝቡ ለሙታኑ ያለውን ክብር በዓይኑ ይመለከታል። የዕድሩ ጥሩንባ በተነፋ ጊዜ ገበሬው እርሻውን፣ ነጋዴው ሱቁን ትቶ ይወጣል። ድንኳን ይተከላል፤ ካህናቱ ፍትሐት ያደርሳሉ፤ በ40ኛውም ቀን ሟቹ በጸሎት ይታሰባል።

ይህ ልማድ የተመሰገነ ነው። ጦቢት የወገኖቹን ሬሳ በስውር እየቀበረ ይህንኑ ምግባር አስተምሮናል። የመንግሥትም ሕግ ይደግፈዋል፤ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ የቀብርን ሥርዓት የሚያውከውን፣ መቃብርንና ሬሳን የሚያዋርደውን ሰው ይቀጣል።

ነገር ግን ለሞተው እንዲህ የምንሰበሰብ ሰዎች በሕይወት ሳለ አእምሮው ለታመመው ወንድማችን ምን እናደርጋለን? በብዙ ቤት እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ከእንግዳ ዓይን ተሰውሮ በጓዳ ይኖራል፤ በገመድ ወይም በሰንሰለት የሚታሰርም አለ። ቤተ ሰቡ ይህን የሚያደርገው ጨክኖ አይደለም። ጠፍቶ እንዳይቀር፣ እሳት ውስጥ እንዳይገባ ይፈራል፤ የእኅቶቹም ጋብቻ በወሬ እንዳይሰናከል ይሰጋል።

ሕግ አውጪው ይህን ኑሮ ያውቀው ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ነዋሪዎቹ ከ2,000 በሚያንሱበት ስፍራ ቤተ ሰቡ የሚጠብቀውና እንደ ልቡ እንዳይዘዋወር የሚከለክለው ሰው የአእምሮ ሕመሙ በግልጽ የታወቀ ሆኖ እንዲቆጠር ደንግጓል። ፍርድ ቤትም ለእንዲህ ያለው ሰው ሞግዚት ሊሾምለት ይችላል። ይህ ድንጋጌ ንብረቱን ከአታላይ ይጠብቅለታል፤ ሕመሙን ግን አይፈውስለትም።

ፈውሱም ለረጅም ዘመን ሩቅ ነበር። በጠላት ወረራ ዘመን የተመሠረተው የአዲስ አበባው አማኑኤል ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት የአገሩን ሁሉ ሕሙማን ሲቀበል ኖሯል፤ ለማገገሚያ የሚሆነው ማዕከልም በዚሁ በአምቦ መንገድ በገፈርሳ ይገኛል። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2005 ዓ.ም. ባወጣው የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂ ግን ይህ ሕክምና ከሌላው ሕክምና ጋር በየጤና ጣቢያው እንዲሰጥ አሰበ። ስለዚህ በአምቦም ሆነ በጌዶ፣ በጉደርም ሆነ በባኮ የሚኖር ቤተ ሰብ አስቀድሞ በአቅራቢያው ያለውን ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይጠይቅ።

«እኛ ጸበል እናስጠምቃለን» የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። መልካም ነው፤ ጸበል መድኃኒትን ጣሉ አይልም። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ የኤች አይ ቪ ሕሙማን ጸበሉንና መድኃኒቱን አብረው ቢወስዱ ተቃራኒ እንዳልሆነ በግልጽ ተናግረዋል። ለአእምሮ ሕሙማንም ይኸው ምክር ይሠራል።

ከሁሉ የሚከብደው ሕመሙ በርትቶበት በገዛ እጁ የሞተው ሰው ነገር ነው። ቤተ ሰቡ ፍትሐት እንዳይከለከል ፈርቶ የሞቱን ምክንያት ይሰውራል። በ4ኛው መቶ ዓመት የእስክንድርያ ሊቀ ጳጳሳት የነበረው አባ ጢሞቴዎስ ስለዚሁ ተጠይቆ ነበር። መልሱም ካህኑ ነገሩን በጥንቃቄ ይመርምር፤ ሰውየው በእውነት አእምሮውን ስቶ ከሆነ መሥዋዕት ይቅረብለት የሚል ነው። እንግዲህ የሚበጀው መደበቅ ሳይሆን ለነፍስ አባት እውነቱን መንገር ነው። ከዚያም በፊት፣ መኖር ሰለቸኝ የሚል ዘመድ ሲገኝ ሳይገሥጹ ማድመጥ፣ ብቻውን አለመተው፣ በዚያው ቀን ወደ ሐኪም መውሰድ ይገባል።

በወንጌል የተጻፈውን በጌርጌሴኖን አገር የነበረውን ሰው እናስታውስ። የአገሩ ሰዎች በሰንሰለት አስረውት ነበር፤ ቤቱም መቃብር ነበር። ጌታችን በፈወሰው ጊዜ ግን ልብሱን ለብሶ፣ ልቡ ተመልሶለት ተቀመጠ፤ ወደ ቤቱና ወደ ዘመዶቹም ተላከ። በሕይወት ሳለ ከመቃብር ወጣ ማለት ነው።

ዕድሮቻችንም ይህን ቢያስቡበት እንዴት ባማረ! ለቀብር በየወሩ ከሚሰበሰበው ገንዘብ ጥቂቱ ለታመመው አባል ልጅ ወደ ሐኪም ቤት መጓጓዣ ቢውል፣ ለለቅሶ የሚቀመጡት ጎረቤቶችም ተራ ገብተው የደከመችውን አስታማሚ እናት ቢያሳርፉ፣ ለሞተው የምንሰጠው ክብር አይጓደልም፤ ይልቁንም ሕያው ሆኖ ሊቀበለው ለሚችል ሰው ይደርሳል።