የወር አበባ ዑደት፦ እህቶቻችን ሊያውቁት የሚገባ

ሐይድ ከሶላት፣ ከጾም፣ ከጠዋፍና ከዒዳ ጋር የተያያዘ ጉዳይ ነው። ሆኖም ብዙ እህቶች አፍረው ሳይጠይቁ ይቀራሉ። ስለዚህ በሰውነት ውስጥ የሚካሄደውን ሂደት ባጭሩ እናብራራለን።

ዑደቱ የሚቆጠረው ደም ከታየበት የመጀመሪያ ቀን ጀምሮ ነው። በአማካይ 28 ቀን ይባል እንጂ በአዋቂ ሴት ከ21 እስከ 35 ቀን ያለው ጤናማ ነው።

1. የደም ጊዜ፦ ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የተባሉት ሆርሞኖች ሲቀንሱ የማሕፀን የውስጥ ሽፋን ፈርሶ ከደም ጋር ይወጣል። ብዙውን ጊዜ ከ2 እስከ 7 ቀን ይቆያል።

2. እንቁላል የሚያድግበት ጊዜ፦ ይህ ከመጀመሪያው ቀን አንስቶ ይጀምራል። ከአንጎል ሥር ያለችው ፒቱታሪ ዕጢ ኤፍ.ኤስ.ኤች. የተባለውን ሆርሞን ትልካለች። በማደግ ላይ ያለው እንቁላል ከረጢት ደግሞ ኢስትሮጅን ያመነጫል፤ የማሕፀኑም ሽፋን እንደገና ይወፍራል።

3. እንቁላል የሚለቀቅበት ጊዜ፦ ኢስትሮጅን ከፍ ሲል ኤል.ኤች. የተባለው ሆርሞን በድንገት ይጨምርና እንቁላሉ ይወጣል። ዕድሜው ከ24 ሰዓት አይበልጥም።

4. የመጠባበቂያ ጊዜ፦ ባዶው ከረጢት ፕሮጄስትሮን እያመነጨ ማሕፀኑን ለእርግዝና ያዘጋጃል። እርግዝና ከሌለ ከ14 ቀን ገደማ በኋላ ሆርሞኑ ይወርድና ደም ይመጣል።

በአብዛኛው የሚለዋወጠው እንቁላል ከመውጣቱ በፊት ያለው ጊዜ ነው። ጭንቀት፣ ሕመምና የክብደት ለውጥ ሊያዘገዩት ይችላሉ። ዑደቷ 35 ቀን የሆነ እህት እንቁላሏ የሚወጣው በ14ኛው ሳይሆን በ21ኛው ቀን አካባቢ ነው።

ደሙ ከልማድ ሲያልፍስ? ፋጢማ ቢንት አቢ ሑበይሽ (ረ.ዐ.) ደሟ አልቆም ሲላት ነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ጠይቃ ነበር። እርሳቸውም ይህ የደም ሥር እንጂ ሐይድ እንዳልሆነ፣ የሐይዷ ጊዜ ሲያልፍ ታጥባ እንድትሰግድ ነገሯት። ይህ ኢስቲሓዳ ይባላል። የሐይድ ረጅሙ ጊዜ በሻፊዒ መዝሀብ 15 ቀን፣ በሐነፊ 10 ቀን ነው።

እዚህ ላይ የሸሪዓውና የሕክምናው መለኪያ እንደሚለያይ ልብ እንበል። በ9ኛው ቀን የሚፈስ ደም በሸሪዓ ሐይድ ሊሆን ይችላል፤ በሕክምና ግን ከ7 ቀን ካለፈ ምርመራ ይፈልጋል። በየሰዓቱ ንጽሕና መጠበቂያ የሚያስቀይር፣ በዑደቶች መካከል የሚታይ ወይም ያለ እርግዝና 3 ወር የቀረ ከሆነም እንዲሁ። ብዙ ደም መፍሰስ ለደም ማነስ ይዳርጋል።

እህቶች ቀኑን መዝግበው ይያዙ። መዝገቡ ለሐኪሙም ለዓሊሙም ይጠቅማል። እናቶችም ልጆቻቸው ለአቅመ ሔዋን ሳይደርሱ ያስተምሯቸው። ወላሁ አዕለም።