በሁለት መርፌና በአንድ ክር

ሆሳዕና ደጋ ናት፤ ከባሕር ጠለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ተቀምጣለች። ሰኔ ገብቶ ደመናው ሲወርድ ከተማው በሙሉ ሹራብ ለባሽ ይሆናል፤ የባጃጅ ሹፌሩ፣ ተማሪው፣ ቆጮ ተሸክማ ወደ ገበያ የምትወርደው እናት፣ ሁሉም። ይህን ያህል ሰው የሚለብሰውን ልብስ ግን ገልብጦ ያየ ጥቂት ነው። ስለ ሸማ ብዙ ተብሏል፤ ጥለቱ ይዘፈንለታል፣ ሸማኔውም ይወደሳል። ሹራብ የብርድ መከላከያ ከመባል አላለፈም። ይህ አግባብ አይደለም እላለሁ። ከምንለብሰው ሁሉ ወደ መጣበት መመለስ የሚችለው ሹራብ ነው። ሸሚዝ ሲያረጅ ወለል መጥረጊያ ይሆናል። ሹራብ ግን ተተርትሮ ክር ይሆናል፤ ክሩም ሌላ ሹራብ ይወጣዋል።

አሠራሩ ቀላል ነው። በአንዱ መርፌ ላይ ቀለበቶች ይደረደራሉ፤ ሁለተኛው መርፌ በየቀለበቱ እየገባ አዲስ ቀለበት ስቦ ያወጣል፤ አሮጌው ይለቀቃል። ይኸው ነው። ኪሮሽ ሌላ ሥራ ነው፤ ጫፉ በቆለመመ አንድ መርፌ፣ አንዱን ቀለበት ቋጭቶ ወደ ሌላው እያለፈ ይሄዳል። ሶፋውንና ቴሌቪዥኑን የምናለብሰው ዳንቴል የኪሮሽ ሥራ ነው። ሁለቱን «ያው ናቸው» የሚል ሰው አንዴ እጅጌውን ጎተት አድርጎ ይልቀቀው፤ ከዚያ ዳንቴሉን ይሞክር። ልዩነቱን እጁ ይነግረዋል። ከሸማ ጋርማ ጭራሽ አይገናኙም። በሸማ ድሩና ማጉ ቀጥ ብለው ስለሚተላለፉ ጋቢ ቢስቡት አይለጠጥም። በሹራብ ክሩ እየተጠማዘዘ ስለሚሄድ ሲሳብ ይለጠጣል፣ ሲለቀቅ ይሰበሰባል።

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ ወደ መተርተር።

ሱቅ የሚገኘው የሹራብ ክር በአብዛኛው አክሪሊክ ነው፤ ከነዳጅ ውጤት የሚሠራ ሰው ሠራሽ ክር። መጥፎ አይደለም፤ ቀለሙ ግን የሌላ ሰው ምርጫ ነው፤ ነጋዴው ያመጣውን ትወስዳላችሁ። እኔ ክሬን የማገኘው ከልባሽ ጨርቅ ተራ ነው። ክምሩ ውስጥ አንዳንዴ እውነተኛ የበግ ሱፍ፣ አንዳንዴ ጥጥ፣ አንዳንዴም ሱቅ ውስጥ ፈልጋችሁ የማታገኙት ቀለም ይገኛል። ችግሩ፣ ሁሉም ሹራብ አይተረተርም። ብዙ ሰው ይህን ባለማወቁ አንዱን ገዝቶ ወስዶ፣ በመቀስ ጀምሮ፣ የክር ቁርጥራጭ ታቅፎ ይቀራል። ከዚያ «የልባሽ ክር የሞተ ነው» ብሎ ያወራል። ክሩ አልሞተም፤ ሹራቡ ሲገዛ አልታየም እንጂ።

መታየት ያለበት የጎን ስፌቱ ነው። ሹራቡ ይገለበጥና ከብብት እስከ ወገብ ያለው መስመር ይታያል። ስፌቱ ዙሪያውን በቀጭን ክር የታቀፈ፣ ልብስ ሰፊዎች ኦቨርሎክ የሚሉት ከሆነ፣ መልሶ ማስቀመጥ ነው። እንዲህ ያለው ሹራብ የሚሠራው እንደ ማንኛውም ጨርቅ ነው፤ መኪናው ሰፊ ጨርቅ ያወጣል፣ ያ ጨርቅ በቅርጽ ይቆረጣል፣ ጠርዙ እንዳይተረተር ይታቀፋል። ጨርቁ ሲቆረጥ እያንዳንዱ ረድፍ አብሮ ተቆርጧል። የምታገኙት በየረድፉ የተቆራረጡ አጫጭር ክሮች ነው፤ ከእነሱ ልቃቂት አይወጣም።

የሚፈለገው ሌላኛው ነው። የእሱ ስፌት ለስላሳ ነው፤ ሁለቱ ጠርዞች ያልተቆረጡ፣ ዳር ከዳር የተያያዙ ናቸው። በዚህ ሹራብ ደረቱም፣ ጀርባውም፣ እጅጌውም እያንዳንዳቸው ከመጀመሪያው በቅርጻቸው ተሠርተዋል፤ መቀስ አልነካቸውም። ሌላም ምልክት አለው። ብብቱ አካባቢ ስታዩ፣ ከስፌቱ በጥቂት ቀለበት ገባ ብሎ፣ ሰያፍ የተደረደሩ ትንንሽ ቀለበቶች ይታያሉ። ሠሪው እጅጌ መግጠሚያውን ለማጥበብ ሁለት ቀለበት አንድ ላይ የያዘባቸው ቦታዎች ናቸው። እነዚያን ምልክቶች ካያችሁ ግዙት። ቀለሙ ባያምር፣ ደረቱ ላይ ቀዳዳ ቢኖረው ግድ የለም።

አንድ ገበያ ቀን የሆሳዕና ልባሽ ተራ ውስጥ ሹራብ በሹራብ ላይ ስገለብጥ ሻጯ ታዘቡኝ።

«ልጄ፣ ውስጡን ወደ ውጭ አድርገሽ ልትለብሺው ነው?»

«አይ እትዬ፣ ልተረትረው ነው።»

«እንዴ! ደህናውን ሹራብ? ምን አደረገሽ?»

ስፌቱን አሳየኋቸው፤ ምልክቶቹንም በጣታቸው አስነካኋቸው። ዝም ብለው ሰሙኝ። በሌላ ጊዜ ስመለስ የሚተረተሩትን ለይተው በማዳበሪያ አስቀምጠውልኝ ነበር። ዋጋውን ግን ጨምረዋል፤ እውነት ነው፣ እውቀት ተጨምሮበታል።

አተራተሩም ሥርዓት አለው። መጀመሪያ የአንገቱ ጠርዝ ይወልቃል፣ ከዚያ የስፌቱ ክር ይመዘዛል፣ ቁራጮቹ ይለያያሉ። ውሉ የሚገኘው ላይ ነው፤ ብዙው ሹራብ ከታች ወደ ላይ ስለሚሠራ መጨረሻው ትከሻው ላይ ነው፤ ከዚያ ይጀመራል። ከታች ከጀመራችሁ በየቀለበቱ እየተያዘ ያሰቃያችኋል። የወጣው ክር እንደ ተፈታ ሹሩባ ሞገድ ሞገድ ይሆናል። በዚያ ሁኔታ ሥራ የሚጀምሩ አሉ፤ እባካችሁ አትጀምሩ፤ ረድፉ ይወላገዳል። በወንበር መደገፊያ ጠምጥማችሁ፣ እንዳይወሳሰብ አራት ቦታ ልል አድርጋችሁ እሰሩት፤ ለብ ባለ ውኃ ዘፍዝፉና ጥላ ሥር ስቀሉት። ሱፍ ሞገዱን በውኃ ብቻ ይለቃል። አክሪሊክ ግትር ነው፤ ከማንቆርቆሪያ የሚወጣ እንፋሎት ከሩቅ ይፈልጋል።

የትኛው ሱፍ፣ የትኛው አክሪሊክ እንደሆነ ለማወቅ ከስፌቱ ላይ ትንሽ ክር ቆርጦ ማቃጠል ነው። ሱፍ የተቃጠለ ጸጉር ይሸታል፤ እሳቱ ሲርቅ ቶሎ ይጠፋል፣ አመዱም በጣት ሲያሹት ይደቃል። አክሪሊክ ጥቁር ጭስ አውጥቶ ይቀልጣል፤ ሲቀዘቅዝ ጠጣር ጥቁር ፍሬ ይተዋል። ጥጥ እንደ ወረቀት ይሸታል።

ሱፍ ካልኩ ዘንድ፣ ዶዮገና ለጉዳይ ሄጄ መርፌዬን ይዤ ስቀመጥ ሁልጊዜ የምጠየቀው አንድ ነው፤ «በጋችን ሞልቶ ለምን ከእሱ አትሠሪም?» የዶዮገና በግ ስመ ጥር ነው፤ ነገር ግን ስሙ የወጣው በእድገቱና በሥጋው ነው። ጸጉሩ አጭር ስለሆነ አይፈተልም። ለመፍተል የሚመቸው የመንዝ በግ ነው፤ የመንዝ ባናም የሚሠራው ከእሱ ነው። የኛን በግ የሌለውን ነገር አንጠይቀው።

ስለ ንድፍም ልንገራችሁ። ዱራሜ ወዳጄ ቤት አንድ ሙዳይ አየሁ፤ እናቷ የሰፉት፣ ዙሪያውን ዚግዛግ የሚሄድበት። በባለካሬ የሒሳብ ደብተር ገልብጬ ወደ ሹራብ ላዛውረው ስል የሹራብ ቀለበት ካሬ አለመሆኑ መጣ። ወርዱ ከቁመቱ ይበልጣል። በመካከለኛ ውፍረት ክር 10 ሴንቲ ሜትር ውስጥ በወርድ 20 ቀለበት፣ በቁመት 28 ረድፍ ገደማ ይገባል። ስለዚህ ደብተሩ ላይ በ28 ካሬ ወርድና በ28 ካሬ ቁመት የተሳለ ሥዕል ሲሠራ ወርዱ 14፣ ቁመቱ 10 ሴንቲ ሜትር ይሆናል፤ ቆሞ የነበረው ተደፍጥጦ ይወጣል። መፍትሔው ደብተሩን መተው ነው። ባዶ ወረቀት ላይ ወርዳቸው 7፣ ቁመታቸው 5 ሚሊ ሜትር የሆነ ሳጥኖች አስምሬ ብሠራ ዚግዛጉ እንደ ሙዳዩ ቀጥ ብሎ ቆመ። ሁለት ቀለም ሲፈራረቅ ሥራ ያልተሰጠው ክር ከጀርባ ይንጠለጠላል፤ ከ5 ቀለበት በላይ ከሄደ መሐል ላይ ከሌላው ጋር አንዴ ይጠማዘዝ። አለዚያ የሕፃን ጣት ይይዛል።

ልለምናችሁ የምፈልገው ደግሞ ካውያን ከአክሪሊክ እንድታርቁ ነው። በፊት በኩል ቀለበቱ ሁሉ አንድ ዓይነት የሆነ ሜዳ ሥራ ጠርዙ ሁልጊዜ ይጠቀለላል፤ በፊትና በጀርባ የቀለበቱ ጉልበት እኩል ስላልሆነ ነው። ይህን በካውያ ለማስተኛት የሚታገሉ ብዙ ናቸው። ጠርዙ ለጊዜው ይተኛል፤ ክሩ ግን ሙቀቱ ይገድለዋል፤ ያብለጨልጫል፣ ይላላል፣ ዳግም አይሰበሰብም። ጠርዝ የሚስተካከለው ሲሠራ ነው፤ አንዱን ቀለበት ከፊት፣ ቀጣዩን ከኋላ እያፈራረቁ ጥቂት ረድፍ መሥራት ብቻ ነው። የታጠበ ሹራብ በገመድ ላይ በትከሻው መስቀልም ይቅር፤ የውኃው ክብደት ቀለበቶቹን ጎትቶ ቀሚስ ያደርገዋል። ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አንጥፉት።

ሹራብ ከቤት የሚወጣ ሥራ መሆኑን እወድለታለሁ። ሸማኔ ዕቃውን ይዞ አይጓዝም። እኔ የአምበሪቾን ተራራ በ777ቱ ደረጃ ስወጣ መርፌና ክሬ ቦርሳዬ ውስጥ ነበሩ፤ ከ3,000 ሜትር በላይ፣ ነፋሱ ሥር ቁጭ ብዬ የዱራሜን ቆርቆሮ ጣሪያ ቁልቁል እያየሁ አንድ የኮፍያ ጠርዝ ሠራሁ። ደረጃውን የወጡ ልጆች ከበው ረድፍ ይቆጥሩልኝ ነበር።

ከሀዲያና ከከምባታ ብዙ ልጅ ወደ ደቡብ አፍሪካ ሄዷል፤ ሹራብም አብሮ ይሄዳል። የጆሃንስበርግ ብርድ ወቅትና የኛ ክረምት አንድ ላይ ይገጥማሉ፤ ከሰኔ እስከ ነሐሴ። ብርዱ ግን ለየብቻ ነው። የኛው ዝናብ ያለበት ስለሆነ ቶሎ የሚደርቀው አክሪሊክ ይሻላል። የነሱ ደረቅ የሌሊት ብርድ ስለሆነ ሱፍ እመርጣለሁ። እዚያ ላለው ወንድሜ የምሠራው ሹራብ እጅጌው ከትከሻ ወደ ታች የሚሠራ ነው፤ ሱቅ ቆሞ የሚውል ሰው መጀመሪያ የሚያልቅበት የእጅጌው ጫፍ ነውና። ውሉ እዚያው የእጅ አንጓው ላይ ስለሚሆን፣ የተበላውን ጥቂት ረድፍ ተርትሮ በአዲስ ክር መቀጠል ነው፤ ሹራቡን መላክ አያስፈልግም። ከዚያው ክር ትንሽ ልቃቂት አብሬ እልካለሁ፤ መርፌ የምትይዝ የአገር ልጅ እዚያም አትጠፋም።