እጅ የማያስር ጓንት

የሥራ ጓንት እጅን ከስለት፣ ከእሳት፣ ከመርዝና ከእሾህ ይከላከላል። በወፈረ ቁጥር መከላከሉ ይበረታል፤ በዚያው ልክ ግን ጣት እንደ ልብ አይታጠፍም፣ የተያዘው ዕቃ ይንሸራተታል፣ ምን እንደተነካ መለየትም ያስቸግራል። በሳሳ ቁጥር ደግሞ እጅ ነጻ ይሆናል፤ ስለቱም በቀላሉ ያገኘዋል። የጓንት ነዳፊዎች ዋና ጭንቀት እነዚህን ሁለቱን ማስታረቅ ነው። ነገሩ የምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም። ሥራ የሚያጓትት ጓንት ብዙም ሳይቆይ ወልቆ ኪስ ይገባል፤ አደጋው የሚደርሰውም ያን ጊዜ ነው።

የአንድ ሰው እጅ 27 አጥንቶች አሉት። ጣቶች የሚታጠፉትና የሚዘረጉት በአብዛኛው ክንድ ላይ ባሉ ጡንቻዎች፣ በጅማት ተስበው ነው። ጣት በታጠፈ ቁጥር የጓንቱ ጀርባ መለጠጥ፣ የመዳፉ በኩል መሸብሸብ ይኖርበታል፤ ይህንንም የሚያደርገው ያው የክንድ ጡንቻ ነው። ስለዚህ ደረቅ ጓንት ያጠለቀ ሠራተኛ መሣሪያውንም ጓንቱንም ሲታገል ይውላል፤ ቶሎ ይደክማል፣ የመጨበጥ ኃይሉም ይቀንሳል። ሌላው ስሜት ነው። ሰው የያዘው ነገር ሊያመልጠው ሲል ገና ሳያስብ ጠበቅ የሚያደርገው የጣቱ ጫፍ ስለሚነግረው ነው። ጓንት ይህን ስሜት ሲያደነዝዘው ሠራተኛው ከሚገባው በላይ አጥብቆ ይጨብጣል፤ ድካሙም ይብሳል።

የእጅ ቅልጥፍና በግምት ብቻ የሚነገር ነገር አይደለም፤ መለኪያ አለው። የአውሮፓና የዓለም አቀፍ የጓንት ደረጃዎች የሚጠቀሙበት ፈተና ቀላል ነው። ለስላሳ የብረት ዘንጎች ጠረጴዛ ላይ ይጋደማሉ፤ ጓንት ያጠለቀ ሰው በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ በ30 ሴኮንድ ውስጥ ሦስት ጊዜ ማንሳት አለበት። 11 ሚሊሜትር ውፍረት ያለውን ብቻ አንስቶ ከዚያ የቀጠነውን ማንሳት ካልተቻለ ጓንቱ የሚያገኘው ዝቅተኛውን ደረጃ፣ 1ን ነው። 5 ሚሊሜትሩን ያነሳ ደረጃ 5 ይሰጠዋል። የስለት፣ የመፋቅ፣ የመቀደድና የመወጋት መቋቋሚያው ደግሞ ለብቻው ይፈተናል፤ ውጤቱም ከመዶሻ ምልክት ሥር በቁጥርና በፊደል ጓንቱ ላይ ይታተማል። ጥሩ ጓንት ገዢ ሁለቱንም ውጤቶች አስተያይቶ ያነባል።

ከጨርቁና ከቆዳው በፊት ግን ልክ ይቀድማል። በተለመደው አሠራር የጓንት ቁጥር የመዳፍ ዙሪያ በኢንች ሲለካ የሚገኘው ቁጥር ነው፤ ቁጥር 7 ማለት 178 ሚሊሜትር፣ ቁጥር 9 ማለት 229 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ጣቱ አንድ ሴንቲሜትር የተረፈ ጓንት ከምንም ዓይነት ውድ ክር ቢሠራ ቅልጥፍና አይኖረውም፤ የተረፈው ጫፍ መጀመሪያ ዕቃው ውስጥ ይገባል፣ ይታጠፋል፣ አንዳንዴም ማሽን ይይዘዋል። የጠበበው ደግሞ ደም አላስኬድ ብሎ እጅን ያደነዝዛል። ለወንድ እጅ ብቻ ታስቦ የመጣ ጓንት ለሴት ሠራተኛ ሲታደል የሚሆነው የመጀመሪያው ነው፤ ይህ በብዙ የሥራ ቦታ ችላ የሚባል በደል ነው።

ቀጥሎ ስፌቱ ይመጣል። ዘና ያለ እጅ ጣቶቹ ቀጥ አይሉም፤ ወደ መዳፍ ጎንበስ ይላሉ። ስለዚህ የተሻለው ጓንት ከመጀመሪያው ጎንበስ ተደርጎ ይቆረጣል፣ ወይም በጎንበሱ ቅርጽ ላይ ይሠራል። በጣቶች መካከል ቀጭን ቁራጭ ሲገባ ጣቱ ጠፍጣፋነቱ ቀርቶ ክብ ይሆንና እንደ ልብ ይንቀሳቀሳል። አውራ ጣት ለብቻው ተቆርጦ በጎን ሲሰፋ ከሌሎቹ ጣቶች ጋር ፊት ለፊት መገናኘት ይችላል። ስፌት መጨበጫው ላይ ሲያርፍ ያቆስላል፤ ወደ ጀርባ ወይም ወደ ጎን ሲዛወር ግን አይታወቅም። ተጨማሪ ድራቢ የሚያስፈልገውም በጣም የሚፈጋው ቦታ ላይ ብቻ ነው፤ ይኸውም በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መካከል ያለው ሹካ ነው።

ቁሳቁሱን የለወጠው የ20ኛው መቶ ዘመን ክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ስቴፋኒ ክዎሌክ የተባለች የዱፖንት ኬሚስት ኋላ ኬቭላር ተብሎ የታወቀውን ክር መሠረት አገኘች። ከዚያ ወዲህ ስለትን የሚቋቋም ጓንት ከወፍራም ቆዳ ሳይሆን ከቀጭን ሹራብ መሥራት ተቻለ። ሹራቡ ምን ያህል የረቀቀ እንደሆነ የሚታወቀው በአንድ ኢንች ውስጥ ባሉት መርፌዎች ቁጥር ነው፤ 7 መርፌ ወፍራም፣ 13 መካከለኛ፣ 18 በጣም ስስ ነው። መዳፉና ጣቶቹ ብቻ ናይትሪል የተባለ ሰው ሠራሽ ጎማ ይቀባሉ፤ ጀርባው አየር እንዲያስገባ ይተዋል። ላብ የሞላው ጓንት ሁሉ መጨረሻው መውለቅ ስለሆነ ይህ ትንሽ የሚመስል ውሳኔ ትልቅ ዋጋ አለው።

ይህ ሁሉ በደቡብ ጎንደር፣ በእስቴ፣ በመካነ ኢየሱስ ዙሪያ ምን ትርጉም እንዳለው የሚታየው በአጨዳ ወቅት ነው። ስንዴ፣ ገብስና ጤፍ በማጭድ ይታጨዳል። ቀኝ እጅ ማጭዱን ይስባል፤ ግራ እጅ ጭብጡን ይይዛል። ስለቱ ወደ ግራ እጅ እየመጣ ስለሚቆም ዋናው አደጋ የግራ እጅ ትንሽ ጣትና የሌባ ጣት ላይ ነው። ስለዚህ ለአጫጅ የሚነደፍ ጓንት ጥንድ መሆን የለበትም። ግራ እጅ ስለት የሚቋቋም ስስ ሹራብ ያስፈልጋታል፤ አዝመራው እንዳይንሸራተት መዳፏ ሸካራ መሆን አለበት። ቀኝ እጅ የማጭዱን እጀታ እንደ ልቧ እንድትይዝ ባዶዋን ብትሆን ይሻላል። ደቦ የወጣ ሰው ከጓደኞቹ ወደ ኋላ የሚያስቀረውን ጓንት እንደማይታገስ የታወቀ ነው።

ድንች ላይ ነገሩ ይገለበጣል። በጉና ዙሪያ ባለው ደጋ ድንች ሰፊ ሰብል ነው፤ ቅጠሉን የሚያጠቁረው በሽታ ሲገባ ገበሬው በጀርባ የሚታዘል መርጫ ይዞ ይወጣል። እህሉም ላይ አረም ለማጥፋት ቱ-ፎር-ዲ ይረጫል። እዚህ ስለት የለም፤ ጠላቱ በቆዳ ውስጥ የሚሰርግ ፈሳሽ ነው። የጨርቅም የቆዳም ጓንት ለዚህ ሥራ አይሆንም፤ መርዙን ይመጠውና ቀኑን ሙሉ ከእጅ ጋር አጣብቆ ያቆየዋል። የሚሆነው ገበር የሌለው ረጅም ናይትሪል ነው። እሱም ቢሆን ለዘላለም አያግድም፤ ኬሚካል ቀስ እያለ ያልፈዋል። በኬሚካል መከላከያ ጓንት ደረጃ መሠረት ዝቅተኛው ጓንት የተፈተነበትን ኬሚካል ከ10 ደቂቃ በላይ፣ ከፍተኛው ከ480 ደቂቃ በላይ ማገድ አለበት። የሕክምናው ስስ ጓንት ለጣት የተመቸ ስለሆነ ለመርጨትም የሚጠቀሙበት አሉ፤ ቶሎ ስለሚቀደድና ኬሚካል ስለሚያሳልፍ አይበቃም። መድኃኒቱ በሚቀላቀልበት ጊዜ ገና ያልቀጠነ ስለሆነ ጓንቱ በጣም የሚያስፈልገው ያኔ ነው። ከሥራ በኋላም ጓንቱ እንደተጠለቀ በሳሙና ታጥቦ ከዚያ ይወልቃል።

በመካነ ኢየሱስ ከተማ ብየዳ ቤቶች ለሚሠራ ሰው ደግሞ የአውሮፓው የበያጅ ጓንት ደረጃ መከላከልንና ቅልጥፍናን ማስታረቁን በግልጽ አስቀምጦታል። ደረጃው ጓንቱን ሁለት ይከፍለዋል። «ኤ» የሚባለው ወፍራም ነው፤ ቃጠሎና ፍንጣሪ በደንብ ይከላከላል፣ ከቅልጥፍና የሚጠበቅበት ግን ደረጃ 1 ብቻ ነው። «ቢ» የሚባለው ስስ ነው፤ ቅልጥፍናው ቢያንስ 4 መሆን አለበት፣ ቃጠሎ ሲቋቋም ግን ከ«ኤ» ያንሳል። በር፣ መስኮትና አልጋ የሚሠራ በያጅ የሚጠቀመው ፍንጣሪ የበዛበትን የኤሌክትሮድ ብየዳ ስለሆነ የሚስማማው «ኤ» ነው። ድሪል ላይ ሲቆም ግን ጓንቱን ማውለቅ አለበት፤ የሚሽከረከር ብረት የጓንት ጫፍ ከያዘ እጁን ይዞ ይጠቀልላልና።

የስስነት ዳር የታየው በቀዶ ሕክምና ነው። እ.ኤ.አ. በ1889 ገደማ በአሜሪካ የጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሐኪም ዊልያም ሃልስቴድ የቀዶ ሕክምና ክፍል ነርስ የነበረችው የካሮላይን ሃምፕተን እጅ በማጽጃ ኬሚካል ሲቆስል ጉድየር ኩባንያ ስስ የጎማ ጓንት እንዲሠራላት አዘዘ። ሁለቱ እ.ኤ.አ. በ1890 ተጋቡ። ጓንቱ ለነርሷ ቆዳ ታስቦ የተጀመረ ቢሆንም በኋላ በሽተኛውንም ከቁስል ኢንፌክሽን የሚያድን ሆነ። ዛሬ አዋላጅ ነርስ የምታጠልቀው ጓንት ከሚሊሜትር ሩብ ያነሰ ውፍረት አለው፤ የደም ሥር መዳሰስ ይቻልበታል። መርፌ ግን አይመልስም።

ከሁሉም የሚያስቆጨው የቆዳው ጉዳይ ነው። ቀጭንና ጠንካራ የጓንት ቆዳ ፈላጊዎች ለረጅም ጊዜ ዓይናቸውን የጣሉት በኢትዮጵያ ደጋ በግ ላይ ነው። ወፍራም ሱፍ ያላቸው የአውሮፓ በጎች ቆዳ በሱፉ ሥርና በስቡ ምክንያት ውስጡ የላላ ነው። ሱፍ ያልበዛበት የኢትዮጵያ በግ ቆዳ ጭረቱ የተጠጋጋ ስለሆነ በጣም ሳስቶ እንኳ አይቀደድም፤ ለጎልፍ ጓንት ሳይቀር ይፈለጋል። እ.ኤ.አ. በ1826 በእንግሊዝ የተመሠረተው ፒታርድስ ይህን ቆዳ ሲገዛ ኖሮ በኤጀርሳ የሚገኘውን የኢትዮጵያ ቆዳ ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ2009 ገዛ፤ አዲስ አበባ ውስጥም ጓንት ያሰፋ ነበር። የእንግሊዙ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 ተዘጋ። ጥሬ ዕቃው ግን ያው አገር ውስጥ ነው። ቆዳውን የሚያበላሸው በዋናነት ቅማልና መዥገር መሰል የበግ ተባይ የሚያመጣው እከክ ነው፤ ቆዳ ሲለፋ ነጠብጣብ ሆኖ ይወጣል። እንስሳውን በወቅቱ ማከም የጓንት ሥራ የመጀመሪያ ደረጃ ነው ማለት ይቻላል።

የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪ ለሠራተኛው የአደጋ መከላከያ እንዲያቀርብና አጠቃቀሙን እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። የራሱን ማሳ የሚያጭደውና የሚረጨው ገበሬ ግን አሠሪ የለውም። ስለዚህ ኬሚካል የሚያከፋፍሉ ዩኒየኖችና ነጋዴዎች ከመድኃኒቱ ጎን ናይትሪሉን፣ ከማጭዱ ጎን የግራ እጅ ጓንቱን፣ ከቁጥር 7 እስከ 10 በየልኩ ሊያቀርቡ ይገባል። ገዢም አጥልቆ፣ ጨብጦ፣ አንድ ሳንቲም ከመሬት አንስቶ ሳይሞክር ሒሳብ አይክፈል።