በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ ስለ ሰዓት አጠባበቅ



ሰዓትን ማክበር የመልካም ሠራተኛ ምልክት መሆኑ ብዙ ጊዜ የተነገረ ነገር ነው። ዳሩ ግን ዛሬ ሰዓት እንዲያከብር የሚጠየቀው ሰው ብቻ አይደለም። ደብዳቤ የሚመዘገበው፣ ክፍያ የሚታዘዘውና የጨረታ ሰነድ የሚቀርበው በኮምፒዩተር በሆነበት በማናቸውም መሥሪያ ቤት፣ ቀኑንና ሰዓቱን የሚጽፈው ኮምፒዩተሩ ራሱ ነው። እርሱ ሰዓቱን ያዛባ እንደ ሆነ፣ ቀድሞ የመጣው ኋላ፣ ኋላ የመጣውም ቀድሞ እንደ መጣ ሆኖ ይመዘገባል። ለምሳሌ ያህል፣ አንድ ጨረታ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ የሚዘጋ ቢሆንና የተቀባዩ ኮምፒዩተር ሰዓት 3 ደቂቃ ቢቀድም፣ በ7 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ሰነዱን ያስገባው ተወዳዳሪ ዘግይተሃል ተብሎ ይመለሳል። ሰውዬው አልዘገየም፤ የዘገየ ያስመሰለው መሣሪያው ነው።

ይህን ጉዳይ በተለይ አስቸጋሪ የሚያደርገው ቨርቹዋል ማሽን የተባለው ብልኃት ነው። ቨርቹዋል ማሽን ማለት በአንድ ብርቱ ኮምፒዩተር ውስጥ በፕሮግራም ኃይል ተከፍሎ፣ ራሱን የቻለ ኮምፒዩተር መስሎ የሚሠራ ነው። ተሸካሚውን ኮምፒዩተር አስተናጋጅ፣ በውስጡ የሚኖሩትንም እንግዶች ብለን እንጠራቸዋለን። ነገሩ አዲስ አይደለም፤ አይ ቢ ኤም የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1972 ቪ ኤም 370 የተባለውን ሥርዓት አውጥቶ ነበር። ሊኑክስ በተባለው የኮምፒዩተር ማዘዣ ሥርዓት ውስጥም ኬ ቪ ኤም የተባለው ክፍል እ.ኤ.አ. በ2007 ተጨምሮ፣ አንዱ ማሽን ብዙ እንግዶችን የሚያስተናግድበት መንገድ ቀና።

እንግዲህ ኮምፒዩተር ጊዜን እንዴት እንደሚያውቅ አስቀድመን እንመልከት። በማናቸውም ተራ ኮምፒዩተር ውስጥ ሁለት ሰዓቶች አሉ። አንደኛው በትንሽ ባትሪ የሚሠራው ሲሆን፣ በሴኮንድ 32,768 ጊዜ በሚርገበገብ የኳርትዝ ድንጋይ እየተመራ ኮምፒዩተሩ በጠፋ ጊዜ እንኳ ይቆጥራል። ሁለተኛው ግን ከርነል የተባለው የሊኑክስ እምብርት የሚይዘው ነው። ከርነሉ ሥራ ሲጀምር ከባትሪው ሰዓት አንብቦ፣ ከዚያ ወዲያ ቆጠራውን ራሱ ያካሂዳል። የሚቆጥረውም እ.ኤ.አ. ከጥር 1 ቀን 1970 እኩለ ሌሊት ጀምሮ በዓለም አቀፍ ሰዓት ያለፉትን ሴኮንዶች ነው። የኢትዮጵያ ሰዓት ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት መቅደሙ ለማሳያ ብቻ የሚጨመር እንጂ ቆጠራውን የሚነካ አይደለም። ስለዚህ በኮምፒዩተሩ ላይ የሚታየው ሰዓት ልክ በ3 ሰዓት ቢለይ፣ መመርመር የሚገባው በመጀመሪያ የሰዓት ቀጠናው አመዳደብ ነው።

በቀድሞው ጊዜ ከርነሉ የሚቆጥረው በደወል ነበር። ይኸውም መሣሪያው በየተወሰነ ቅጽበት ምልክት ይሰጠዋል፤ ከርነሉም ምልክት በደረሰው ቁጥር አንድ ይጨምራል። ምልክቱ በተራ ኮምፒዩተር ላይ በሴኮንድ 100 ጊዜ ይሰጥ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው 2.6 የተባለው የከርነል እትም ግን ወደ 1000 ከፍ አደረገው። እ.ኤ.አ. በ2005 ደግሞ የተለመደው ልክ 250 ሆነ። ኮምፒዩተሩ ብቻውን በሚሠራበት ቦታ ይህ አቆጣጠር በቂ ነበር።

በእንግዳው ዘንድ ግን ችግር አስከተለ። አስተናጋጁ ፕሮሰሰሩን ለእንግዶቹ ሁሉ በየተራ ስለሚያካፍል፣ አንዱ ሲሠራ ሌላው ይተኛል። የተኛውም መተኛቱን አያውቅም። በዚያን ጊዜ የተደወለው ደወል ወይ ይጠፋበታል፤ ወይም ሲነቃ ተከማችቶ በአንድ ጊዜ ይደርሰዋል። ከመቶ ደወል አንዱ ብቻ ቢጠፋ ሰዓቱ በአንድ ቀን 864 ሴኮንድ፣ ማለት 14 ደቂቃ ከ24 ሴኮንድ ወደ ኋላ ይቀራል። በሚሊዮን 20 እጅ የሚሳሳት ተራ የኳርትዝ ሰዓት ግን በቀን የሚያዛባው ከ2 ሴኮንድ በታች ነው። ከእንቅልፉ የነቃ ሰው ምን ያህል እንደ ተኛ ከራሱ ሊያውቅ አይችልም፤ ወይ ፀሐይን አይቶ፣ ወይ የነቃውን ሰው ጠይቆ ይረዳል እንጂ። የዛሬው ንግግራችን ፍሬ ነገርም ይኸው ነው፤ ቨርቹዋል ማሽን ጊዜን በራሱ ቆጠራ ታምኖ ሊኖር አይገባውም፤ መጠየቅ አለበት።

የመጀመሪያው ጥያቄ ለአስተናጋጁ የሚቀርብ ነው። ኬ ቪ ኤም ክሎክ በተባለው ዘዴ አስተናጋጁ የጊዜውን መነሻ ሁለቱም በሚያነቡት የሚሞሪ ገጽ ላይ ይጽፍለታል፤ እንግዳውም የፕሮሰሰሩን ቆጣሪ አንብቦ ያለፈውን ጊዜ በሒሳብ ያገኛል። ደወል የሚቆጥር ስላልሆነ የሚጠፋበት ደወል የለም። ዳሩ ግን ይህ የሰዓቱን አካሄድ ያስተካክላል እንጂ የሚያሳየው ሰዓት እውነተኛ መሆኑን አያረጋግጥም። እንግዳው ለጊዜው ታግዶ ቆይቶ እንደ ገና ሥራ ሲጀምር፣ ወይም ቀድሞ ወደ ተቀመጠ ቅጂው ሲመለስ፣ ሰዓቱ ካለፈው ጊዜ ላይ ሊገኝ ይችላል።

ስለዚህ ሁለተኛው ጥያቄ በኔትወርክ በኩል ለታመኑ የሰዓት ምንጮች ይቀርባል። የዚህን ሥርዓት ደንብ፣ ኤን ቲ ፒ የተባለውን፣ ያቋቋሙት በአሜሪካ የደላዌር ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበሩትና እ.ኤ.አ. በ2024 ያረፉት ዴቪድ ሚልስ ናቸው። አሠራሩን በተላላኪ ምሳሌ መረዳት ይቻላል። በእኛ ሰዓት ልክ በ3 ሰዓት ተላላኪ ወደ አንድ ታላቅ መሥሪያ ቤት ላክን እንበል። እዚያ ሲደርስ የግድግዳው ሰዓት 3 ሰዓት ከ7 ደቂቃ ይላል፤ ወዲያውም ተመልሶ በእኛ ሰዓት በ3 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ገባ። መሄጃውና መመለሻው እኩል ጊዜ ከፈጀ፣ እዚያ የደረሰው በእኛ ሰዓት በ3 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ነበር፤ እንግዲያስ ሰዓታችን 2 ደቂቃ ወደ ኋላ ቀርቷል ማለት ነው። የሚጠየቁት ምንጮች ሁለት ብቻ ቢሆኑና ባይስማሙ የተሳሳተው የትኛው እንደ ሆነ አይለይም፤ ስለዚህ አራት ያህል መሆናቸው ይመረጣል።

ስሕተቱ ከታወቀ በኋላ የሚታረምበት መንገድ ደግሞ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ሰዓቱን በድንገት ወደ ኋላ መመለስ የመዝገብን ተራ ያፋልሳል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፣ ጥቂት ስሕተት የሚታረመው አካሄዱን በጥቂቱ በማፋጠን ወይም በማዝገም ነው። ረጅም ጊዜ ተኝቶ የነቃ ማሽን ግን በዚህ መንገድ ፈጥኖ አይደርስም። ኤን ቲ ፒ ዲ የተባለው አሮጌው ፕሮግራም እንዲያውም በሥራ ላይ ሳለ ልዩነቱ ከ1000 ሴኮንድ ቢበልጥ በተለመደው አቋሙ ሥራውን አቁሞ ይወጣል። ክሮኒ የተባለው አዲሱ ፕሮግራም ለቨርቹዋል ማሽን የበለጠ ይስማማል፤ ነገር ግን በብዙ ቦታ ሰዓቱን በአንድ ጊዜ እንዲያዘልል የሚፈቀድለት ሥራ እንደ ጀመረ በመጀመሪያዎቹ 3 እርማቶች ብቻ ስለሆነ፣ እየታገደ ለሚነሣ ማሽን ፈቃዱ ዘወትር እንዲሆን ማዘዝ ያስፈልጋል።

ከዚህም ጋር አራሚው አንድ ብቻ ይሁን። አስተናጋጁ በአንድ ወገን፣ ክሮኒ በሌላ ወገን የአንዱን እንግዳ ሰዓት ካረሙት፣ አንዱ ያቀናውን ሌላው ያጣምማል።

እነዚህን ቅንብሮች የሚያዘጋጀው ባለሙያው ነው። ነገር ግን በመዝገቡ የሚሠራው የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሦስት ነገር ሊጠይቀው ይገባል፤ ማሽናችን ሰዓቱን ከማን ይጠይቃል? አራሚው ስንት ነው? ልዩነቱን ያየኸው መቼ ነው? ለመጨረሻው ጥያቄ የክሮኒ ፕሮግራም ሲጠየቅ ልዩነቱን ወዲያው ይናገራል። ኬርቤሮስ የተባለው የማንነት ማረጋገጫ ሥርዓት በተለመደው አቋሙ ከ5 ደቂቃ በላይ የተዛባ ሰዓት ሲያገኝ ሠራተኛውን አላስገባም ይላል፤ ያን ጊዜ ስሕተቱ ራሱ ይጮኻል። የ3 ደቂቃ ስሕተት ግን አይጮኽም፤ በጸጥታ የሰውን መብት ይወስዳል እንጂ። ስለዚህ ሰዓቱን የምናረጋግጠው ባለጉዳይ አቤቱታ ይዞ ከመምጣቱ በፊት ይሁን።