ቅዳሜና እሑድን ላሊበላ

ነገሩ የተጀመረው በቀን መቁጠሪያ ነው። በላስታ ገጠር፣ በማታ ክፍላችን፣ ቀን ማንበብ እየተለማመድን ነበር። አንዷ ተማሪ ጣታቸውን አስኬዱና «ጥር 23 ቅዳሜ ነው» አሉ። ቅዳሜ የላሊበላ ገበያ ነው። 23 ደግሞ የጊዮርጊስ ቀን ነው። ገበያውና ቤተ ጊዮርጊስ በአንድ ጉዞ! ሰኞ ጾመ ነነዌ ይገባል። «ታዲያ ቅዳሜ ሄደን እሑድ ብንመለስስ?» ተባለ። እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ገብቷል። ወንዙም ጎድሏል። ሁሉም እሺ አለ።

እኛ አስተማሪዎቹ ከዩኒቨርሲቲ የመጣን ነን። ዕድሜያችን ገና ሃያዎቹን መጀመሩ ነው። ለአገሩም እንግዳ ነን። ቢሆንም ዕቅዱን እናውጣ አልን። በሰሌዳው ላይ በትልቁ ጻፍን። አብያተ ክርስቲያናቱ 11 ናቸው። ሁሉም ከአለት የተፈለፈሉ ናቸው። ትልቁ ቤተ መድኃኔ ዓለም ነው፤ ርዝመቱ ከ30 ሜትር ይበልጣል። ቤተ ጊዮርጊስ ለብቻው ነው፤ የመስቀል ቅርጽ አለው። በ1970 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ተብለው ተመዘገቡ። ይህን ጽፈን ዞር ስንል አንድ አባት ከኋላ ይስቃሉ።

«ልጆቼ፣ እኔ ለገና ላሊበላ ስሳለም ዕድሜዬን ፈጀሁ። እናንተ ናችሁ ላሊበላን ለእኔ የምታሳዩ?»

ክፍሉ በሙሉ ሳቀ። እኛም ሳቅን፤ ትንሽ አፈርንም።

«ታዲያ አባባ፣ ምን ማየት ይፈልጋሉ?»

«ጽሕፈቱን ነዋ! ቤቱን አውቀዋለሁ። በበሩ ላይ ምን እንደተጻፈ ግን አላውቅም።»

ሰሌዳውን አጠፋንና እንደገና ጀመርን። አሁን ጠያቂዎቹ እኛ ሆንን፤ መላሾቹ እነርሱ።

መጀመሪያ መንገዱን አሰብን። ከእኛ ሰፈር እስከ ከተማው በእግር 4 ሰዓት ይፈጃል። ሕፃን ያዘለና አህያ የሚነዳ ካለ ትንሽ ይጨምራል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት የተነሣ ሰው ከጧቱ 2 ሰዓት ይደርሳል። ፀሐይም አትመታውም። መንገዱ ሰላም መሆኑን ከገበያ የተመለሰ ሰው ይጠየቃል። ይህን ያነሡት ሴቶቹ ናቸው። እኛ አላሰብነውም ነበር።

ማደሪያው ብዙ አላከራከረም። ዘመድ ያለው ዘመድ ቤት ያድራል። ዘመድ የሌላቸው ደግሞ ተባብረው አንድ ክፍል ይይዛሉ። ዋጋው ከመግባት በፊት ይጠየቃል፤ ከነጋ በኋላ አይደለም። ለገና ቢሆን ማደሪያ ማግኘት ጭንቅ ነው። በጥር መጨረሻ ግን ይገኛል። ከተማዋ መጀመሪያ በኮሮና፣ ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በጦርነት እንግዳ ርቋት ቆይታለች። ስለዚህ አልጋ አከራይ መንገደኛን ደስ ብሎት ይቀበላል። ላሊበላ ከፍታዋ 2,500 ሜትር ያህል ነው። ሌሊቱ ይበርዳል። ጋቢ አይረሳም።

ብዙ ጊዜ የወሰደብን የገበያው ነገር ነው። ከተማሪዎቻችን አብዛኞቹ ማር ወይም እህል ይዘው ይሄዳሉ። «ሚዛን ላይ ሁልጊዜ እንጎዳለን» አሉ። በምን ታወቀ? «በልባችን እናውቀዋለን።» ታዲያ በልብ ብቻ አውቆ እንዴት ይሟገታሉ? ሰሌዳው ላይ የሚዛን ፊት ሣልን። ዕቃው ሳይቀመጥ በፊት መርፌው 0 ላይ መቆም አለበት። ባዶውን ሚዛን 1 ላይ ከቆመ ለሻጩ ጥቅም ነው፤ ከ0 ወደ ኋላ ከቀረ ግን ሻጩ ይጎዳል። ለሚገዛ ሰው ነገሩ ተቃራኒ ነው። ማር ሲሆን ደግሞ የዕቃው ክብደት ይቀነሳል። ማሩ ከነእንስራው 9 ኪሎ ቢመዝን፣ ባዶው እንስራ 2 ኪሎ ቢሆን፣ የሚሸጠው ማር 7 ኪሎ ነው። ስለዚህ እንስራውን ባዶ እያለ መዝኖ ቁጥሩን በከሰል ጎኑ ላይ መጻፍ ነው። ይህን ዘዴ ያመጡት እኚያው የሳቁብን አባት ናቸው።

ሌሊት ላይ ለመነሣት ወስነን ልንበተን ስንል አንዲት እናት ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈቱ። ከውስጡ በላስቲክ የተጠቀለለ ካርድ ወጣ። የልጅ ልጃቸው የክትባት ካርድ ነው። የልጁ እናት ታማ ስለተኛች ሕፃኑን የሚያዝሉት እርሳቸው ናቸው። የሰፈራችን ጤና ኬላ ማቀዝቀዣ ስለሌለው ልጁ የሚከተበው ከተማ ጤና ጣቢያ ነው።

«የዚህም ቀጠሮ በዚያው ሰሞን ነው ብለውኛል። ቅዳሜ ይሆናል እንዴ?» አሉ።

«እማማ፣ እስቲ እርስዎ ያንብቡት» አልናቸው።

ካርዱን ወደ ፋኖሱ አስጠጉ። ረዥም ጊዜ ቆዩ። ማንም አልረዳቸውም፤ ልንረዳቸው እጃችን እየበላን ዝም አልን። «ጥ…ር። ጥር። 22።» ቀና ብለው ቀን መቁጠሪያውን አዩ። «ዓርብ ነው። ቅዳሜ አይደለም።»

ልጁ 9 ወሩ ነው። በ9 ወር የሚሰጠው የኩፍኝ ክትባት ነው። የኩፍኝ ክትባት አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ሕፃናት ይሆናል። ከተበጠበጠ በኋላ ግን ከ6 ሰዓት በላይ አይቆይም፤ ይደፋል። ጤና ጣቢያ ሕፃናትን ሰብስቦ በአንድ ቀን የሚቀጥረው አንድም ለዚህ ነው። በማግሥቱ ቢሄዱ «ሌላ ቀን ተመለሱ» ሊባሉ ይችላሉ። እኚህ እናት ደግሞ ከዚህ በፊት አንድ የልጅ ልጅ በኩፍኝ ሞቶባቸዋል። ያን ጊዜም ካርድ ነበረ። ሣጥን ውስጥ ተቀምጦ ቀኑ አለፈ።

ክፍሉ ጸጥ አለ። ከዚያ አንዱ ጎልማሳ «እንግዲያው ዓርብ ሌሊት እንነሣለን» አለ። ከብቱን ማን ይጠብቅ? አንድ ቀን ሲጨመር ስንቁም ይጨመራል፤ የማደሪያውም ገንዘብ በእጥፍ ይሆናል። ጥር 22 ኡራኤል ነው፤ ከባድ ሥራ የሚሠራበት ቀን አይደለም። ይህ ነገሩን አቀለለው። ስድስት ሰዎች ከእማማ ጋር ዓርብ እንዲሄዱ፣ የቀሩት ከነማሩ ቅዳሜ እንዲደርሱባቸው ተስማማን። ከእኛም ሁለታችን ከዓርብ መንገደኞች ጋር ሆንን።

ዓርብ ከጧቱ 2 ሰዓት ተኩል ላይ ጤና ጣቢያው በር ደረስን። እማማ በሮቹን አንድ በአንድ አነበቡ። «ካርድ ክፍል» የሚለው ጋ ቆሙ። እኛ ከኋላ ነበርን። ልጁ ተወጋ፣ ጮኸ፣ ዝም አለ። ቅዳሜ ገበያው ደራ። አባባ የእንስራቸውን ቁጥር ለነጋዴው አሳዩት፤ ነጋዴው እንደገና መዘነ። ቤተ ጊዮርጊስን ደግሞ እነርሱ አሳዩን። እኛ ጽፈነው ያልነበረውን ብዙ ነገር ነገሩን።

እሑድ ስንመለስ እማማ መንገድ ላይ ካርዱን አውጥተው እንደገና አነበቡ። ሁለተኛው የኩፍኝ ክትባት በ15 ወር ነው። ከጥር 6 ወር ሲቆጠር ሐምሌ ላይ ይውላል። በሐምሌ ወንዙ ይሞላል።

«በላይኛው መሻገሪያ በኩል ብንዞር ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ብለው ጠየቁ። ከመንገደኛው አንዱ 6 አለ፤ አንዱ 7 አለ። ሰኞ ማታ ሰሌዳው ላይ እንጽፈዋለን።