ከብርሃን በፊት የነበረው ምርጫ፦ ነጻነትና ህላዌ በመንግሥተ ሰማያት

በመንግሥተ ሰማያት ኃጢአት እንደሌለ የክርስትና ትምህርት ሁሉ ይስማማበታል። ጥያቄው የሚነሣው ከዚህ ቀጥሎ ነው። ጻድቃን በዚያ ኃጢአት የማይሠሩት ስለማይፈልጉ ነው ወይስ ስለማይችሉ? የማይችሉ ከሆነ ነጻነታቸው ወዴት ሄደ? የሚችሉ ከሆነ ደግሞ ሳጥናኤል እንደወደቀ ሌላው እንደማይወድቅ ማረጋገጫው ምንድን ነው? ነገሩ የወዲያኛውን ዓለም ብቻ የሚመለከት አይደለም። በምድር ስላለው ክፋት ዘወትር የሚሰጠው መልስ፣ ፈጣሪ ለፍጥረቱ ነጻ ፈቃድ በመስጠቱ ክፋት ሊገባ ቻለ የሚል ነው። ነጻነትና ቅድስና በሰማይ ያለ ውድቀት አብረው የሚኖሩ ከሆነ፣ ከመጀመሪያው በምድርስ ስለምን እንዲሁ አልሆነም? ይህ ጽሑፍ ጥያቄውን የሚመረምረው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን የሥነ ፍጥረት ትምህርትና ከሰሜን ተራሮች በታች ባለው የዋልድባ ምንኩስና በኩል ነው።

አስቀድሞ ስለ ቃሉ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በግዕዝ ነጻነት «ግዕዛን» ይባላል፤ ነጻ አውጪውም «አግዓዚ» ነው። ቤተ ክህነት በምትናገረው አማርኛ ግን «ግዕዛን የሌለው» ሲባል ክፉና ደጉን የማይለይ፣ በተፈጥሮው ብቻ የሚመራ ፍጥረት ማለት ነው። በሰሜን ገደል ላይ ሣር የሚነጨው ጭላዳ ግዕዛን የለውም፤ ስለዚህም አይመሰገንም፣ አይወቀስም። እንግዲህ በዚህ አነጋገር ነጻነት ማለት በልዩ ልዩ መንገዶች መካከል መቆም ብቻ ሳይሆን የመለየት ችሎታ ጭምር ነው። ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል፤ ኋላ ግን ክርክሩን ሁሉ ይሸከማል።

በአክሲማሮስ ትምህርት መላእክት በእለተ እሑድ ሲፈጠሩ ፈጣሪያቸው ወዲያው አልተገለጠላቸውም። ማን ፈጠረን ብለው ሲጠያየቁ የነገዶቹ ሁሉ የበላይ የነበረው ሳጥናኤል እኔ ፈጠርኋችሁ አለ። ያመኑት ነበሩ፣ የተጠራጠሩትም ነበሩ፣ የካዱትም ነበሩ። ገብርኤል በዚህ ጊዜ አምላካችንን እስክናገኝ ድረስ በየቦታችን ጸንተን እንቁም ሲል አረጋጋቸው። ብርሃን የተፈጠረው ከዚህ በኋላ ነው። ከመቶው ነገድ አንዱ ወደቀ፣ ዘጠና ዘጠኙ ጸኑ፤ የአዳም ዘርም በጎደለው ምትክ መቶኛ ተብሎ ተቆጠረ።

በዚህ ትረካ ሁለት ነገሮች ትኩረት ይሻሉ። የመጀመሪያው፣ ፈተናው የሆነው ከብርሃን በፊት መሆኑ ነው። የፈጣሪ ዝምታ ለምርጫ ቦታ ሰጥቷል፤ ፊቱ ወለል ብሎ ቢታይ ኖሮ የሳጥናኤልን ቃል ማንም ከቁም ነገር ባልቆጠረው ነበር። ሁለተኛው፣ ገብርኤል ጸንተን እንቁም ያለበትን ቦታ ግዕዙ የሚጠራው «ህላዌ» በሚለው ቃል መሆኑ ነው። ህላዌ ሥፍራ ብቻ አይደለም፤ መኖርም፣ የራስ ባሕርይም ነው። ሳጥናኤል ያልሆነውን ነኝ በማለቱ ከህላዌው ወጣ። የጸኑት ነጻነታቸውን የገለጡት አዲስ ነገር በመሻት ሳይሆን የሆኑትን በመሆን ነው። በእኔ ንባብ በዚህ ትምህርት ነጻነትና ህላዌ ሁለት ርእሶች አይደሉም።

ይህን ሐሳብ በኑሮ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። ከደባርቅ ተነሥቶ የሊማሊሞን ጠመዝማዛ የወረደ መንገደኛ ከአዲአርቃይ ባሻገር ወደ ዋልድባ ቆላ ይደርሳል። በአቡነ ሳሙኤል ስም በሚታወቀው በዚህ ገዳም እህል አይገባም፤ መነኮሳቱ ቋርፍ በሚባለው ምግብ ይኖራሉ። መነኩሴ ሲመነኩስ ለሙት የሚጸለየው ፍትሐት ይጸለይለታል፤ ልብሱም የመላእክት አስኬማ ይባላል። ትዳርን፣ ሀብትን፣ እህልን ሳይቀር ከምርጫው አውጥቷል፤ ትውፊቱ ግን ይህን ሰው እስረኛ አይለውም። ፍላጎቱ ተሰብስቦ አንድ ስለሆነ ነጻ ነው ይለዋል። አስረጂው ግን ወሰን አለው። የመነኩሴው መንገድ ወደ ኋላም ክፍት ነው፤ ቢሻ ሊማሊሞን ወጥቶ ደባርቅ ገበያ መዋል ይችላል። መጽናቱ ዋጋ ያለው መንገዱ ስላልተዘጋ ነው ቢባል፣ መመለሻ የሌለበት የሰማይ ጽናት ዋጋው ምንድን ነው?

አውግስጢኖስ «የእግዚአብሔር ከተማ» በተባለው መጽሐፉ መጨረሻ ላይ የሰጠው መልስ፣ ኃጢአት መሥራት አለመቻል ከመቻል የበለጠ ነጻነት ነው የሚል ነው፤ አምላክ ራሱ ሊበድል አይችልም፣ ነጻ አይደለም የሚለው ግን የለም። መልሱ «ግዕዛን» ከሚለው ቃላችን ጋር ይስማማል። በብርሃን ውስጥ መለየት ፍጹም ይሆናልና፣ እያዩ መሳት የነጻነት ጉድለት እንጂ ጥቅሙ አይደለም። ሌላው ችግር መሰልቸት ነው። እንግሊዛዊው ፈላስፋ በርናርድ ዊሊያምስ በ1973 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፍ፣ ሰውን ወደፊት የሚገፋው ፍላጎቱ ተሟጦ ስለሚያልቅ ዘላለማዊ ሕይወት ሊቋቋሙት የማይቻል ይሆናል ሲል ተከራክሯል። ለዚህ የተሻለው ምላሽ ከአውግስጢኖስ ይልቅ በአራተኛው መቶ ዘመን በነበረው በጎርጎርዮስ ዘኑሲስ ዘንድ ይገኛል። አምላክ ወሰን የለውምና ወደ እርሱ የሚደረገው ጉዞ ፍጻሜ የለውም፤ እያንዳንዱ መርካት የሚቀጥለውን ረሃብ ይወልዳል። እንዲህ ከሆነ በህላዌ መጽናት ማለት እንደ ድንጋይ ተተክሎ መቅረት አይደለም።

እስከዚህ ድረስ መልሱ የተደላደለ ይመስላል፦ ፈተናው በጨለማ አለፈ፣ ፈቃድ ጸና፣ ብርሃኑ ሲመጣ የጸናው ፈቃድ ማደጉን ቀጠለ። በምድር የምንኖረውም የጨለማውን ሰዓት ነው፤ ክፋት ስለምን አለ ለሚለውም መልሱ ይኸው ይሆናል። ሁሉን ነገር የሚያናውጠው ግን የሕፃናት ሞት ነው። ወንዱ በአርባ፣ ሴቷ በሰማንያ ቀን ይጠመቃሉ፤ ከተጠመቁ በኋላ በጨቅላነታቸው የሚሞቱት ርስታቸው መንግሥተ ሰማያት እንደሆነ አያጠያይቅም። በዳባት ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሥር ልደትና ሞት በየቤቱ እየተከታተሉ ሲመዘገቡ ቆይተዋል፤ የምንናገረው በሐሳብ ስለተፈጠረ ሕፃን አይደለም። ይህ ሕፃን ሳጥናኤልን አልሰማም፣ አልተጠራጠረም፣ አልመረጠም።

በዚህ ስፍራ ሁለት መንገድ አለ። ሕፃኑ ሳይፈተን በሰማይ ነጻ ሆኖ ይኖራል ከተባለ፣ ፈተና ለነጻነት የግድ አልነበረም ማለት ነው፤ ክፋትን በነጻ ፈቃድ የሚያስረዳው መልስም ምሰሶው ይነቀላል። ሕፃኑ በብርሃን ውስጥ እያደገ ፈቃዱን ያጸናል ከተባለ ደግሞ፣ እውነተኛ ፈቃድ ያለ ጨለማም ሊወለድ ይችላል ማለት ነው፤ ያን ጊዜ የፈጣሪ ዝምታ ለምርጫ ቦታ መስጫ ነው የሚለው ከላይ የቀረበው ንባቤ ይጠብባል። በእኔ ግምት ከጎርጎርዮስ ጋር የሚስማማው ሁለተኛው መንገድ ነው። እርሱን የተከተለ ግን የመላእክቱ ጨለማ ለምን እንዳስፈለገ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይኖርበታል። ምናልባት ዝምታው ምርጫን ለመፍቀድ ሳይሆን መጠየቅን ለማስተማር ይሆናል፤ በትረካው ውስጥ ከሳጥናኤል ሐሰት በፊት የቀደመው የመላእክቱ ጥያቄ ነበርና።